ስም ያልተጻፈባቸው ጥብጣቦች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ «ምንም አይደል» እያለ ቤቱን ሙሉ ያስነሳል? ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ትልቁን ሁለት ጊዜ፣ መሳም ስለማይወድ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። መጀመሪያ «ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ለምን እንደሰረዝኩት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ያልደወልኩልሽ ስልክ ላይ አፌ ስለሚቀድመኝ ነው። ታውቂኛለሽ፤ አባዬ «ወፌ» ያለኝ በከንቱ አይደለም፣ ከነጋ እስኪመሽ ስንጫጫ አድጌያለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ሲዋሽ እጁ ይከብደዋል። ይህን ደብዳቤ የኛ ፎቶግራፍ አንሺ ለሥራ ወዳንቺ ከተማ ስለሚመጣ በእጁ ያደርስልሻል። ሻይ ስጪውና ቶሎ ሸኚው፣ ወሬኛ ነው። እኔን ወሬኛ የሚል ሰው እሱን አላየም።

አስቀድሜ ግን ከሌላ አፍ ሳትሰሚ ራሴን ላዋርድ። ባለፈው ሰኞ አዲስ ካፖርት ለብሼ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ገበሩ ሐር የመሰለ፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ የተቀመጠ። መስኮት ሁሉ ላይ ራሴን እያየሁ ነው የሄድኩት። ስብሰባ ላይ ሻይ ላነሳ እጄን ስዘረጋ አንደኛው እጅጌ ከሌላው ሁለት ጣት አጥሮ ቁጭ። ፎቶግራፍ አንሺው ዝም አይልም፤ «ምነው፣ የቀረውን በሚቀጥለው ወር ነው የሚያስረክቡሽ?» አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፋሽን ነው ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ዋና አዘጋጇ ብቻ፣ ያቺ ቁጡዋ፣ ሳትስቅ መጥታ እጅጌውን እንደ ልጅ እጅጌ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችልኝ። ያን ጊዜ ነው ያቃጠለኝ። ካፖርቱን አውልቄ ወንበር ላይ ሰቀልኩትና ቀኑን ሙሉ በብርድ ዋልኩ። የሰፋው ማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ከገበያ ነው ብዬ ነበር የምመልሰው።

የሰፋው አባዬ ነው።

አዎ፣ አባዬ። መስፋት ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው አባታችን። አሁን ከጀመርኩ ከሥሩ ልንገርሽ።

የስፌት ሱቁን ዘግቼ አባዬን ወደ እኔ ያመጣሁ ጊዜ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። «እዚሁ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ያለፈ ያገደመው ሰላም እያለው ይዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ሰላም ሊለው ነው?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ምን የመሰለ መልስ ሰጠሁሽ፤ በሰባ ስምንት ዓመቱ መርፌ እየወጋው ጎንበስ ቀና ማለቱ ግፍ ነው፣ አንቺ ለምደሽው አይታይሽም፣ እኔ ላሳርፈው ነው። ከዚያ አምስት ወር ተኮራረፍን። በዚያው ወር መጽሔቱ ላይ ባለኝ ዓምድ «አባቴን እንዴት አሳረፍኩት» ብዬ ጻፍኩ፣ ከፎቶው ጋር። አንባቢ ደብዳቤ በደብዳቤ አደረገኝ። የተባረክሽ ልጅ ተባልኩ። አምኜው ነበር።

ሱቁን ያጸዳሁት በሁለት ቀን ነው። አከራዩ ክፍሉን ፈልጎት ነበር፣ አንቺ ልጅሽን ሆስፒታል ይዘሽ ነበር፣ አባዬን ቀድሜ ወደ ቤቴ ልኬው ነበር። ማሽኑን ሸፍኜ፣ መቀሶቹን ጠቅልዬ፣ ጨርቁን ለይቼ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉት ጥብጣቦች ቀሩ። ታስታውሻቸዋለሽ አይደል? ከማሽኑ በላይ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው በተመታው ምስማር ሁሉ ላይ የተንጠለጠሉት ረጃጅም የጨርቅ ቅዳጆች። አንድ ደንበኛ መጀመሪያ ሲመጣ አባዬ ከሚሰፋለት ጨርቅ ጫፍ ቀጭን ጥብጣብ ይቀድዳል፣ በሰውዬው ላይ ይዘረጋዋል፣ አንገቱ ጋ አንድ ጊዜ በመቀስ ቆረጥ፣ ትከሻው ጋ ሁለቴ፣ ወገቡ ጋ ሦስቴ። በቃ። ቁጥር የለ፣ ስም የለ። ሰውዬው ከስድስት ዓመት በኋላ ቢመለስ አባዬ እያወራ ጀርባውን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ልኮ የዚያን ሰው ጥብጣብ መዞ ያወጣ ነበር። አንድ ቀን ለምን ስም አትጽፍበትም ብዬው «ስም የሚጽፍ የማያውቀው ሰው ነው» አለኝ።

ከሦስት መቶ አያንሱም ነበር። ሦስት ማዳበሪያ ሞሉ። የጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና እነዚህን ጋሼ ያውቋቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝባዝንኬ ነው አልኩት። ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ሲመጣ እኔው ራሴ አንድ ባንድ አንስቼ ሰጠሁ።

እህቴ፣ አንብበሽ ጨርሺ፣ አትቅደጂው። ገና ነው።

አባዬ እኔ ቤት በገባ በሳምንቱ ጥብጣቦቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ሸጋዬ ጋ ናቸው አልኩት። አንቺ ጋ። አፌ ቀደመኝ እንጂ አስቤ አልዋሸሁም። እሱም እሷ ጋ ከሆኑማ ደህና ናቸው ብሎ ጋደም አለ። ታዲያ ባለፈው ዓመት ስልክ ላይ ጥብጣቦቼን አቧራ እንዳይበላቸው አራግፊልኝ ሲልሽ፣ አንቺም ምን ጥብጣብ ብለሽ ግራ ገብቶሽ፣ ቆይተሽ ለብቻዬ ደውለሽ «አባዬ መቀባጠር ጀመረ እንዴ?» ያልሽኝ ዕለት፣ እየቀባጠረ አልነበረም። እኔ በነገርኩት ነው የሄደው። እኔ ግን ምን አልኩሽ? የዕድሜ ነው፣ አይዞሽ።

ማሽኑን እኔ ቤት ስንት ቀን ሰፋበት መሰለሽ? ዘጠኝ። የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ሕንፃው ሁሉ «መጥረጊያዋ» የሚላት፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች፣ ይኸውም የእኔ ወለል ነው። በዘጠነኛው ቀን ወጥታ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው አለች። እኔ ደግሞ ከሰው መጣላት ስለማልወድ ማሽኑን ምድር ቤት አወረድኩት። በወሩ አባዬ መጋረጃዬን ለሱሪ ቆርጦት አገኘሁ። ቆንጆ ሱሪ ይወጣው ነበር፣ እውነት ለመናገር። እኔ ግን ራሱን ይጎዳል ብዬ መቀሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ሻይ ማፍላቱን ከለከልኩት፣ እሳት ነው። ብቻውን መውረዱን ከለከልኩት፣ ደረጃ ነው። ሁሉም በፍቅር።

ዝም እያለ ሄደ። መጀመሪያ ኩራት መሰለኝ። ሰው ሲያወራው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንግዶቼ እንዴት ያሉ ጨዋ አባት ናቸው ይሉኛል። ከዚያ የቀኑን ስም ይጥላል፣ ምሳ በላሁ አልበላሁም ይላል፣ መታጠቢያ ቤቱን ፍለጋ ኩሽና ይገባል። ያን ጊዜ ደነገጥኩና እንደ ጋዜጠኛ ተነሣሁ። ስለ መርሳት በሽታ ያልተነበበ አልቀረኝም። የአግድምና የቁልቁል የቃላት ጨዋታ ገዛሁለት፣ የቁጥር ጨዋታ ገዛሁለት፣ ጨው ቀነስኩ፣ ዓሣ አበዛሁ፣ በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጬ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ትናንት ምን በላን፣ ከመቶ ላይ ሰባት ቀንስ እያልኩ ጠየቅኩት። በሳምንት አንድ ቀን ውጤቱን መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር፣ አታፍሪብኝ። አንድ ጠዋት እርሳሱን አስቀመጠና እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣
«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምፈተነው?» አለኝ።

ያን ሳምንት ዓምዴ «አንጎላችን እንዳይዝግ ምን እናድርግ» የሚል ነበር። ሰው ቆርጦ ግድግዳ ላይ ለጠፈው ይሉኛል።

አሁን ደግሞ በየእሑዱ ስለምትደውዪለት ስልክ ልንገርሽ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ካንቺ ጋር ሲያወራ አባዬ እያነበበ ነበር። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ እጽፍለታለሁ፤ «ደህና ነኝ ልጄ»፣ «ልጆቹስ ደህና ናቸው?»፣ «እግሬ ተሽሎኛል»፣ «በርቺ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ»። ጣቴን የትኛው ላይ እንደማደርግ አይቶ ያነባል። አንቺ ስልኩን ዘግተሽ ዛሬ ድምፁ ጠንከር ብሏል ብለሽ ደስ ሲልሽ እኔ ሉሁን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ለምን አደረግሽው ብትዪኝ፣ አንቺ ትክክል እንደነበርሽ እንዳታውቂ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ።

ከዚህ ውሸት ያወጣኝ ሐኪም ቤት የሄድንበት ቀን ነው። መቼም አባዬን ሐኪም ቤት መውሰድ እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ኮቱን ሳይለብስ አይወጣም፣ ኮቱ ሳይተኮስ አይለብስም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ መነጽር ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። የቀኑን ስም ጠየቀችው፣ አላወቀም። ወሩንም አላወቀም። ሦስት ቃል ነግራው ይመልሱልኝ ስትለው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ልትነሣ ስትል ትክ ብሎ አያትና «ይሄን ጋውን የሰፋልሽ ሰው ቸኩሏል። ቀኝ ትከሻሽ አንድ ጣት ወደ ታች ነው፣ እሱ እኩል አድርጎታል» አላት። ሴትዮዋ መስታወት ፊት ቆመች። እውነት ነው፣ ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል። በዚያ ሁሉ ትምህርት ማንም አልነገራትም ነበር።

ከዚያ ጆሮውን አየችው። እህቴ፣ አባዬ አይሰማም ነበር። ምናልባት አራት ዓመት ሙሉ። ያ ጨዋ ፈገግታ፣ ያ ራስ መነቅነቅ፣ ያን ሦስት ቃል አለመመለሱ፣ ግማሹ አለመስማት ነው። ሱቁ ውስጥ ግን የሰዉን አፍ ያነብ ነበር፣ ደግሞም ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው የሚለው ያው አንድ ነው፤ ችግሩ አልታወቀም። እኔ ቤት ግን ከኩሽና ሆኜ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማወራው። የደም ግፊቱም ከፍ ብሎ ነበር፣ ያ ደግሞ ለአንጎል ጠላት ነው አለችኝ። እኔው የጻፍኩት ነው፣ «ግፊታችሁን ተለኩ፣ ጆሯችሁን ታዩ፣ ከሰው አትራቁ፣ እጃችሁን አታስቦዝኑ» ብዬ ቃል በቃል። የሰው አባት ሁሉ ተለካ፣ የእኔ ቀረ።

እኔ ነኝ ወይ ያመጣሁበት ብዬ ጠየቅኳት። አልዋሸችኝም፣ አልጨከነችብኝም። ሕመሙ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም አለች፤ ሁሉን በአግባቡ ያደረገ ሰውም ያገኘዋል። «የሚያዘገየው ነገር ግን ነበር፣ ሥራው፣ ሰዉ፣ ጆሮው። የሄደው ሄዷል። የቀረውን ከዛሬ እንጀምር» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ እንደ ዋዛ፣ ሥራውን መቼ ነው ያቆመው አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት። ብዕሯን አቁማ አየችኝና ቀኑን መዝገቧ ላይ ጻፈች።

የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። ቤት ስንገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም፣ መጥረጊያዋ ከታች ስትሳደብ። «ይሄ ቤት ይህን ያህል ያወራል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁን ሰማሁ። ምድር ቤት ወርጄ ከትልቁ ማሽን ጎን የተቀመጠችውን የድሮዋን ትንሽ በእጅ የምትዞረዋን ማሽን አወጣሁ፣ ሥሯ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። መቀሱን መለስኩለት። መጥረጊያዋንም ሄጄ አናገርኳት። ከሰው መጣላት ያን ያህል ከባድ አይደለም ለካ፤ አባቴ ነው፣ በቀን ሦስት ሰዓት ይሰፋል፣ ጣሪያሽን ብትወጊው ወለሌን እጨፍርበታለሁ አልኳት። ይኸው ዝም ብላለች።

ለካፖርት የገዛሁትን ግራጫ ጨርቅ ሳስይዘው እጁ ሥራውን አወቀ። እውነቴን ነው። ዳሰሰው፣ ገለበጠው፣ አሸተተው። ሜትር አልፈልግም አለ። «ቀጥ በይ ብቻ» አለኝና ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። በነዚያ አሥራ አንድ ቀናት በልቶ አልበላሁም አላለም፣ ኩሽና ውስጥ አልጠፋም፣ ያለ ጥያቄ ተኛ ያለ ጥያቄ ተነሣ። እኔም ተመለሰልኝ ብዬ ዓምዴን በሐሳቤ ጻፍኩት፤ ርዕሱ ሳይቀር። ካፖርቱን ሰኞ ጠዋት አለበሰኝ። አንገቴ ላይ ኮሌታውን አስተካክሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየኝና፣ «አሁን ማንም አያይብሽም» አለኝ። ማን ምን እንደሚያይብኝ አልገባኝም፣ ግን ሳምኩት።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ነው መስታወት ፊት የቆምኩት። ያጠረው እጅጌ የግራው ነው። ትከሻው ለእኔ ትንሽ ይሰፋል፣ ደረቱም። ቁመቱ ግን ልክ ነው፤ በቁመት እኩል ነን። እህቴ፣ አንቺ ከበረንዳው ወድቀሽ ግራ ክንድሽ ሳይገጥም ከዳነ ጀምሮ አባዬ ስንት ልብስ ሰፋልሽ? የትምህርት ቤቱን፣ የሠርግሽን፣ የሥራሽን። አንድ ሰው ክንድሽን አይቶብሽ ያውቃል? እኔ እንኳ የምረሳው ያ ግራ እጅጌ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ስለሚያጥርልሽ ነው። ካፖርቱን በዚሁ ሰው ልኬልሻለሁ። ልበሺው፣ ስፌቱ እንከን የለውም። እኔ ነኝ ለሰዓታት አበላሸው ብዬ ያፈርኩት።

ከዚያ ወዲህ ልብ አልኩ። በየጠዋቱ ሻይ ሳቀርብለት የሚመርቀኝ ያንቺን ምርቃት ነው፣ የበኩርነቱን። ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ትልቁ መሳም አይወድም ብዬ እመልስለታለሁ። ያስቀዋል።

ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አትደንግጪ፣ እንድትሸከሚልኝ አይደለም፤ ከመጽሔቱ የሦስት ወር ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ዓምዱን ከዚያው እየጻፍኩ እልካለሁ፣ አዘጋጇ እየተቆጣች ፈቅዳለች። ሱቁ አሁን የስልክ መጠገኛ መሆኑን አውቃለሁ። ከጫማ ጠጋኙ ጋር ግን ተነጋግሬያለሁ፤ ከደጁ አጠገብ ትንሿን ማሽንና አንድ ወንበር የምታስቀምጥ ቦታ ይሰጠናል። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ብዙ አይሰፋም፣ ቁልፍ መትከልም ይበቃል። ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይለዋል። የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፌ በሌላ ወረቀት አያይዤልሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ፊት ለፊቱ ሆነሽ አውሪው፣ ቀን አትጠይቂው። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ይህ ሁሉ አያድነውም። ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ያቆየዋል።

አንድ ነገር ነው የቀረኝ። አባዬ ወደ አንቺ እንደምንሄድ ሲሰማ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ጥብጣቦቹን ሊያገኝ ነዋ። ስንት ምስማር እንደሚያስፈልገው ሳይቀር ነግሮኛል። አንቺን እንድትዋሺልኝ አልጠይቅሽም፣ ሁለት ዓመት ሳታውቂ ዋሽተሻል፣ ይበቃል። ዓርብ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ መሣሪያው ጆሮው ላይ እያለ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ልነግረው ነው። ትረጂኛለሽ ብዬ ነው፣ ችግሬ መንገሩ አይደለም። ማን ሆኜ እንደምነግረው ነው።

ትናንት ጨርቅ እያጣጠፈ በድንገት ቀና አለና ያቺ ወሬኛ ልጅ ደህና ናት ወይ፣ ለምን አትመጣም ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ የድሮውን ዓይነት ሳይሆን እየሰማ።

«ንገሪያት» አለኝ፣ «አልተቀየምኳትም በያት። ልጅ ናት፣ ቤት ያጸዳች መስሏት ነው።»

ከዚያ ማጣጠፉን ቀጠለ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም። መቼ እንዳወቀም አልጠየቅኩትም። ነገ ምስማር ልንገዛ ነው ደግሞ፤ ጥብጣቦቹ መጣላቸውን እያወቀ ለእነሱ ምስማር እንዴት እንደሚያስገዛኝ አላውቅም።

ቢሆንም ዓርብ እነግረዋለሁ። ምርቃት ባስገኘልኝ ባንቺ ስም ሳልደበቅ፣ በራሴው ስም። የሚመልስልኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቢረግመኝም፣ ባያውቀኝም፣ ቅዳሜ ደጅሽ እንደደረስኩ ከሰላምታ በፊት እነግርሻለሁ። ከፊቴ ለማንበብ አትሞክሪ፣ ፊቴ አሁንም መዋሸት ያውቃል። አፌን ጠብቂ።

እስከዚያው ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ከልጆችሽ አይለይሽ። ለእኔም ይቅር የምትይበት ልብ ይስጥሽ፤ ባይሰጥሽም አልፈርድብሽም።

ታናሽ እህትሽ